ትዝታን ማን ይፍታው?

ባለፈው ሰሞን በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ጠብ ተነሳ። ያጣላን የመሬት ውርስ ወይም የሠርግ መዋጮ ቢሆን አይገርምም ነበር። ያጣላን ግን ዘፈን ነው።

አንዲት የአክስቴ ልጅ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ አጭር የትዝታ ዘፈን ቪዲዮ ለቀቀች። ምንም አልጻፈችበትም፤ ኢሞጂ እንኳ የለውም። ክራር አለ፣ የሴት ድምፅ አለ፣ ግጥሙ በስክሪኑ ግርጌ ይፈሳል። በቃ።

ግሩፑ ውስጥ ያለነው አብዛኞቻችን የጋይንት ልጆች ነን። ግማሻችን አዲስ አበባ፣ ሌሎቻችን ባሕር ዳርና ደብረ ታቦር፣ ሁለት ሦስቱ ደግሞ ዓረብ አገር። የመጀመሪያው መልስ በደቂቃ ውስጥ መጣ። «ይሄ እኮ ስለ ሀገር ነው። ናፍቃ የቀረችው ሀገር ናት፤ ጥሎ የሄደው ማን እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።» ሌላው ተነሳበት፤ «እባክህ በፍቅር ዘፈን ላይ ፖለቲካ አትለጥፍ።» «አልገባህም ማለት ነው።» «ያልገባህስ አንተ!» ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ እናንተም ግሩፕ አላችሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ወሬው ከዘፈኑ ወጥቶ ማን ለማን ወገነ ወደሚለው ገባ። አንዱ ዘመዳችን ግሩፑን ጥሎ ወጣ። ልጅቷም ቪዲዮውን አጠፋችው።

ወደዚህ ታሪክ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ያጣላንን ጥያቄ ልውሰደው፤ የትዝታ ዘፈን «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው ወይ? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። ምክንያቴን ያገኘሁት ደግሞ ከሙዚቃ መጽሐፍ ሳይሆን ከዚያው ከሀገሬ ከጋይንት፣ ከቤተ ልሔም ነው።

በመጀመሪያ ትዝታ ራሱ ምን እንደሆነ እንስማማ። ትዝታ የአንድ ዘፈን ስም ብቻ አይደለም። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶቻችን አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። አምስት ድምፆች አሉት። ሙሉ የሚባለው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሚ እና ላ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ሌላኛው፣ አንጀት የሚበላው ትዝታ ይመጣል። ያው መንገድ ነው፤ ሁለት እርምጃ ዝቅ ሲል ግን ሆድ ይብሳል። ከቃሉ በፊት ድምፁ ሥራውን ይጀምራል ማለት ነው።

ለዚህ ማስረጃ ከፈለጋችሁ ሙላቱ አስታጥቄን አስቡት። ትዝታን በመሣሪያ ብቻ፣ አንድ ቃል ሳይኖርበት ተጫውቶታል። ጂም ጃርሙሽ የተባለው አሜሪካዊ ዳይሬክተር በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ውስጥ የሙላቱን ሙዚቃ ሲጠቀም፣ አማርኛ የማያውቅ ተመልካች አንድ ሰው ያለፈ ሕይወቱን ፍለጋ ሲንከራተት በዚያ ድምፅ ታጅቦ አየ። ማንም ትርጉም አልጻፈለትም። ገብቶታል ግን።

ሁለተኛው ነገር ግጥሙ ነው። ብዙዎቻችን የትዝታን ግጥም እንደ ዘመናዊ ዘፈን እናስበዋለን፤ አንድ ገጣሚ ለአንድ ጉዳይ የጻፈው፣ አንድ ዘፋኝ የዘፈነው። ትዝታ ግን እንደዚያ አልኖረም። ማሕሙድ አሕመድም፣ በዛወርቅ አስፋውም፣ ካሳ ተሰማም ትዝታ ተጫውተዋል፤ የአንዱ ትዝታ የሌላው አይደለም። ስንኞቹ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራሉ፤ አንዱ የጣለውን ሌላው ያነሳል፣ ይጨምርበታል። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ «ተቀበል!» ሲባል ሰምታችኋል። አድማጩ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። በዚያች ቅጽበት የግጥሙ ባለቤት ማን ነው? ዘፋኙ ነው ወይስ ጥግ ላይ ብርሌውን ይዞ የተቀመጠው ሰውዬ? ስለዚህ «ይሄ ስንኝ ስለ እገሌ ነው የተባለው» ብሎ በርግጠኝነት መናገር በትዝታ ላይ ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

እርግጥ ነው፣ ወርቅ የመፈለግ ልማዳችን ያለ ምክንያት አልመጣም። እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ነን። በግልጽ መናገር ዋጋ ባስከፈለበት ዘመን ሁሉ ሰው የልቡን በፍቅር ዘፈን ጠቅልሎ ተናግሯል። የክቡር ዘበኛው ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ ከ1953 ዓ.ም. የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ከታሰሩት አንዱ ነበር፤ «አልቻልኩም» የሚለው ዘፈኑም ከአፍቃሪ ስሞታ አልፎ የዘመኑ ሰው ስሞታ ተደርጎ ተሰምቷል። በደርግ ጊዜ ግጥም በሳንሱር ያልፍ ነበር። አባቶቻችንና እናቶቻችን ሬዲዮ ሥር ቁጭ ብለው «ይሄን ሲል ምን ማለቱ ነው?» ብለው በሹክሹክታ ቢጠያየቁ አይፈረድባቸውም። ጆሯቸው የሠለጠነው በችግር ነው።

የእኛ ችግር ሌላ ነው። እነሱ ወርቁን የሚፈልጉት እርስ በርስ ለመግባባት ነበር። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምንፈልገው ለመካሰስ ነው። ኮሜንት ሥር ገብታችሁ እዩት። ዘፋኟ ገና ዘፍና ሳትጨርስ «የማን ወገን ናት?» ይባላል። ስንኙ እንደ ምስጢራዊ መልእክት ይታያል፤ «የገባው» ሰው ብልህ፣ «ያልገባው» ደግሞ ወይ ሞኝ ወይ ተላላኪ። ቅኔ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የምርመራ ክፍል ሆነ።

እዚህ ላይ ነው ወደ ቤተ ልሔም ልወስዳችሁ የምፈልገው።

ቤተ ልሔም ስል በእስራኤልና በፍልስጤም ምድር ያለችውን አይደለም። በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት ያለችውን ነው። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ በሚያልፈው፣ ሰዉ «የቻይና መንገድ» በሚለው ጎዳና የሄደ ሰው በጋይንት በኩል አልፏል። ስሟ በቱሪስት ብሮሹር ላይ እንደ ላሊበላ ጎልቶ አይወጣም። ለዜማ ተማሪ ግን የመጨረሻው በር ናት፤ የድጓ ማስመስከሪያ። ሌላ ቦታ የተማረ የድጓ መምህር ለመሆን ሲፈልግ እዚያ ሄዶ በመምህሩ ፊት ዜማውን አቅንቶ ያስመሰክራል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደኖረ የሚነገርለት የቅዱስ ያሬድ ድርሰት በብዙ አጥቢያ የሚዜመው በዚያች ቦታ ስም በሚጠራው በቤተ ልሔም ዜማ ነው።

ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ሰምና ወርቅ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። ከውጭ ስትታይ እንደማንኛውም የአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ክብ ናት። ውስጥ ሲገባ ግን በክቡ ግድግዳ ተከብቦ ሌላ፣ እጅግ ያረጀ፣ ማዕዘን ያለው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት ተጓዥ ይህንን አይቶ ተደንቆ በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ለውጭው ዓለም አስተዋውቋል። ለጋይንት ሰው ግን አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሲሳለምባት ኖሯል።

ከዚያች ቦታ ትምህርት ልንወስድ የሚገባን ሁለት ነገር አለ።

አንደኛው ቅደም ተከተሉ ነው። በቤተ ክህነቱ ትምህርት ተማሪው መጀመሪያ ንባብ ቤት ይገባል፣ ከዚያ ዜማ ቤት፣ ከዚያ ቅኔ ቤት፣ በመጨረሻ መጻሕፍት ቤት። ትርጓሜ መጨረሻ ላይ ነው! የድጓ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ከደጅ ውሻ ጋር እየታገለ ለምኖ፣ ሌሊት በቃሉ እያጠና ዓመታት የሚያሳልፈው የግዕዙን ምስጢር ጠንቅቆ ሳያውቅ ነው። የግዕዝ ሰዋስው የሚፈታለት ቅኔ ቤት ሲገባ ነው። እስከዚያ ግን ጆሮው ይሠለጥናል። ከፊደሉ በላይ የተሰደሩትን ምልክቶች ይለያል፤ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት። ድምፁ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ ያውቃል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን ሦስቱን ዜማዎች ሲሰማ ይለያል፤ ልብን የሚያራራው አራራይ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ሰውነቱ ያውቀዋል። ትዝታ ከአራራይ ተወለደ እያልኩ አይደለም። የምለው፣ እዚያ መጀመሪያ ይሰማል፤ የሚፈታው ቆይቶ ነው። እኛ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ድምፁን ዘግተን፣ ታክሲ ውስጥ፣ ከስክሪኑ ግርጌ የሚፈሰውን ጽሑፍ አንብበን ፍርድ እንሰጣለን።

ድምፅ ዘግቶ ማንበብ ምን እንደሚያሳጣን ላሳያችሁ። ለምሳሌ እንድትሆን እኔው የቋጠርኳት፣ ከማንም ዘፈን ያልወሰድኳት ስንኝ እነሆ፦

«ዘመን ጥሎኝ ሄደ፣ ወገቤም ጎበጠ፤
ልቤ ያለሽበት እዛው ተቀመጠ።»

ሰሙ ቀላል ነው። እኔ አርጅቻለሁ፣ ልቤ ግን አንቺ ካለሽበት ቦታ አልተነሳም። አሁን ግን «ያለሽበት» የምትለዋን ቃል አላልታችሁ፣ ለሁለት ከፍላችሁ ስሟት፤ «ያለ ሽበት»። ሰውነት ሸብቷል፤ ልብ ግን አንዲት ሽበት ሳታበቅል፣ ያኔ በነበረችበት ዕድሜ ተቀምጣለች። ትዝታ ማለት ይሄው አይደል? ሰው ያረጃል፣ ትዝታው አያረጅም።

ልብ በሉ፤ ይህን ልዩነት የሚያመጣው መጥበቅና መላላት ነው። ፊደላችን ደግሞ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። ስልካችሁ ላይ የሚታየው ጽሑፍ ሊነግራችሁ አይችልም። የሚነግራችሁ ድምፅ ነው፤ ጎበዝ ድምፃዊ ደግሞ ሆን ብሎ በሁለቱ መካከል ያንሳፍፈዋል። ቃሉን ጎትቶ፣ ሁለቱም እንዲሰማችሁ አድርጎ ያልፋል። ካፕሽን አንብቦ «ገባኝ» ማለት የድጓን ፊደል አንብቦ ምልክቱን እንደ መዝለል ነው።

ሁለተኛው ትምህርት «አንድም» የምትለው ቃል ናት።

አጎቴ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ቤተ ልሔም ደርሰዋል፤ ሳያስመሰክሩ ግን ኑሮ ወደ አዲስ አበባ አመጣቸው። አሁን ሌሊት ጥበቃ ይሠራሉ። ከጠቡ በኋላ ባለው እሑድ ልጠይቃቸው ሄድኩና ነገሩን አጫወትኳቸው። ቪዲዮውን ስልኬ ላይ አስቀርቼው ስለነበር ከፈትኩላቸው። ስክሪኑን አላዩም፤ ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«እና ማነው ልክ፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ሁለቱም ምን አጠፉ?» አሉኝ። «አንዱ ‹ሀገር ናት› አለ፤ ያስኬዳል። አንዱ ‹ወዳጅ ናት› አለ፤ እሱም ያስኬዳል። የጎደለቻቸው አንዲት ቃል ናት።»

«ምን?»

«‹አንድም› ማለት አቃታቸው።»

የመጻሕፍት ትርጓሜ እንዴት እንደሚሄድ የማታውቁ ካላችሁ፣ ባጭሩ እንዲህ ነው። መምህሩ መጀመሪያ ገጸ ንባቡን ያነባል። ቀጥሎ ቃሉ በቀጥታ ምን እንደሚል ነጠላ ትርጉሙን ይሰጣል። ከዚያ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ይጨምራል፤ እንደገና «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን። አዲሱ ሲመጣ የቀደመው አይባረርም። ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ተማሪው ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። ይሄን ያህል ሰፊ ቤት የሠራ ሕዝብ ልጆች ሆነን ነው እንግዲህ እኛ በአጭር ቪዲዮ የተለያየነው።

እስቲ ያቺን ስንኝ በዚህ መንገድ እንያት። «አንቺ» የተባለችው የቀረች ወዳጅ ናት። አንድም፣ ትቶት የመጣው ቀዬው ናት፤ ሀገር በአማርኛ በአንቺ ትጠራለችና። አንድም፣ እናት ናት። አንድም፣ ማንም አይደለችም፤ ራሷ ወጣትነት ናት። አራቱም ከቃሉ ላይ ቆመዋል፤ አንዱ አንዱን አይገፋም።

«እንደዚያ ከሆነማ ሁሉም የፈለገውን ይበል፤ ትርጉም የሚባል ነገር የለም ማለት ነው» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም! «አንድም» ልቅ አይደለችም። የምትጀምረው ከገጸ ንባቡ ነው፤ እያንዳንዱ ፍቺም ከቃሉ ላይ እግሩን መትከል አለበት። ያቺን ስንኝ ይዤ «ይሄ ስለ ነዳጅ ዋጋ ነው» ብል መምህሩ ያባርረኛል። ስንኙ ውስጥ ያልተባለን ስም አምጥቶ «እገሌን መስደቧ ነው» ማለትም ትርጓሜ አይደለም፤ የራስን ቂም በሰው ድምፅ ማዜም ነው። ልዩነቱን ለማወቅ አንዲት ጥያቄ ትበቃለች፦ ይህን ፍቺ ከየትኛው ቃል አገኘሁት? ጣታችሁን የምታሳርፉበት ቃል ካጣችሁ፣ ፍቺው የዘፈኑ ሳይሆን የእናንተ ነው። የእናንተ መሆኑ ነውር የለውም። ብቻ «ለእኔ እንዲህ ተሰማኝ» በሉ እንጂ «ማለት የፈለገችው ይሄን ነው» አትበሉ።

እንዲህም ሆኖ አንዳንድ ዘፈን በርግጥ የፖለቲካ ወርቅ አለው። ያንን መናገርም መብት ነው፤ ዝም በሉ እያልኩ አይደለም። የምቃወመው ወርቁ ስለተገኘ ሰሙ ይጣል መባሉን ነው። ወርቅ አንጥረኛው ሰሙን አቅልጦ ያፈሳል፤ በቅኔ ግን ሰሙም ይኖራል። ወዳጅ የናፈቀችው ልጅ ሰሙ ላይ ተቀምጣ ብታለቅስ፣ «አልገባሽም» ብሎ የማስነሳት ሥልጣን ማናችንም የለንም።

አሁን ወደ ግሩፑ ልመለስ።

አጎቴ ዘፈኑን ሰምተው ከጨረሱ በኋላ አንድ ሌላ ነገር ጠየቁኝ። «ልጅቷስ ምን አለች?»

«የቷ ልጅ?»

«የላከችው ናታ! ለምን እንደላከችው ጠይቃችኋታል?»

አፈርኩ። በዚያ ሁሉ መልእክት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቃትም ነበር። እኔም ጭምር። ስለ ዘፋኟ ተከራክረናል፣ ስለ ገጣሚው ተከራክረናል፣ ስለ ሀገር ተከራክረናል። ዘፈኑን ከፍታ፣ ሰምታ፣ ለሁላችን የላከችውን ልጅ የረሳናት እኛው ነን።

ማታ ደወልኩላት። መጀመሪያ «ተወው፣ ምንም አይደለም» አለችኝ። ቆይታ ነገረችኝ። ያን ቀን እናቷ፣ አክስቴ፣ ያረፉበት ቀን ነበር። ዓመቱን ሁላችንም ዘንግተነዋል። አክስቴ እንጀራ ሲጋግሩ፣ ምጣዱ እስኪሰማ፣ ያንን ትዝታ ያንጎራጉሩ ነበር፤ ግጥሙን ሳይሆን ዜማውን ብቻ፣ በአፍንጫቸው። ልጅቷ ግሩፑ ውስጥ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ «ይሄ የእትዬ ነው» ይላል ብላ ጠብቃ ነበር።

ማንም አላለም። ሁላችንም ግጥሙን እየፈታን ነበር።

እንግዲህ እኔ የምለው ይሄን ነው። የትዝታ ዘፈን ሲደርሳችሁ፣ መጀመሪያ ስክሪኑን ገልብጣችሁ ስሙት። ከዚያ ቃሉን በቀጥታ ምን እንደሚል ያዙ። ከዚያ «አንድም» በሉ፤ ለሰው ፍቺም ቦታ ተዉ። ኮሜንት ከመጻፋችሁ በፊት ግን የላከውን ሰው «ምን ትዝ ብሎህ ነው? ምን ትዝ ብሎሽ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በትዝታ ላይ የመጀመሪያው ተርጓሚ እሱ ነው፣ እሷ ናት።

ቪዲዮውን መልሼ ግሩፑ ላይ ለቀቅኩት። ሥሩም አንድ መስመር ጻፍኩ፦ «አንድም፣ ይሄ የእትዬ ነው።»

ለረጅም ጊዜ ማንም አልጻፈም። ከዚያ የዓረብ አገሯ እህታችን የድምፅ መልእክት ላከች። ቃል የለውም፤ በአፍንጫዋ ዜማውን እያንጎራጎረች ነው። ግሩፑን ጥሎ የወጣውን ዘመዳችንን ደግሞ እኔ ራሴ ደውዬ ልመልሰው ነው። የሀገር ናት ያለው እሱ ነበር። ቢመለስ የምለው አዘጋጅቻለሁ፤ «ያስኬዳል፣ ወንድሜ። ያስኬዳል።»